ግላመር እና ግራመር

"ግላመር" የሚለውን ቃል ዛሬ የምናገኘው በውበት ሳሎን ታፔላ፣ በሰርግ ቪዲዮና በሽቶ ማስታወቂያ ላይ ነው። ትርጉሙ ሲጠየቅ "ማራኪ ውበት" ይባልና ይታለፋል። ይሄ የቃሉ ግማሽ ነው፤ ያውም ማንንም የማይነካው ግማሽ። ሌላውን ግማሽ የማነሳው ከሳሎኖቹ ጋር ጠብ ስላለኝ አይደለም። ጠቤ ከመግለጫ ጸሐፊዎች ጋር ነው።

ቃሉ የስኮትላንድ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እዚያ ሲጻፍ አስማት ማለት ነበር፤ ዓይን ላይ ተጥሎ ያልሆነውን ሆኖ የሚያሳይ፣ እኛ "አፍዝ አደንግዝ" ከምንለው የሚቀራረብ። ለቀሩት እንግሊዝኛ አንባቢዎች ያዳረሰው ዋልተር ስኮት ነው፤ በ1805 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ረጅም ግጥም ውስጥ ይገኛል። ሆሊውድ መጥቶ ለተዋናዮች ያለበሰው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

አስማቱ ራሱ ከየት መጣ? ከግራመር። አዎ፣ ትምህርት ቤት ካስለቀሰን ከሰዋስው። በእኛ ፊደል ሲጻፉ እንኳ የሚለያቸው አንድ ፊደል ነው፤ "ራ" ወደ "ላ" ተለወጠች፣ በቃ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ግራመር ማለት የላቲን መጽሐፍ መማር ነበር። ላቲን የሚያነብ ጥቂት ነው፤ የቀረው ሕዝብ የሚያየው አንድ ሰው ብራና ገልጦ የማይገባ ነገር ሲያነበንብ ነው። "ይሄ ሰውዬ የሚያደርገው ነገር አለ" ቢል ይፈረድበታል? ፈረንሳዮች የአስማት መጽሐፍን የሚጠሩበት "ግሪሟር"ም የዚያው የግራመር ልጅ ነው።

ለእኛ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ዳዊት የሚጸልይ ሰው ዳዊት "ደገመ" እንላለን፤ ከዚያው ግስ "ድግምት" ወጣ። ሰዋስውና ቅኔ የተማረ ደብተራ በመንደሩ ሲከበርም ሲፈራም የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። በስሙ የነገደ የለም አልልም፤ ብዙው ግን የተጠረጠረው ስላነበበ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጠቤ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ተወሰነ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ። በየስክሪኑ የሰማነው ግን "ማክሮ ኢኮኖሚ ሪፎርም"፣ "ሊበራላይዜሽን"፣ "ፍሎቲንግ" ነበር። ውሳኔው ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኔ የምለው፣ ነገሩ በአማርኛ ይነገር ነበር፦ ከእንግዲህ የዶላርን ዋጋ መንግሥት አይቆርጥም፤ ዘይቱም መድኃኒቱም ከውጭ ስለሚገባ ዋጋው ሊጨምር ይችላል፤ ደመወዝህ ያው ከሆነ የሚገዛልህ ያንሳል። ይሄን የሰማ ሰው ቀጥሎ "ታዲያ ለእኔ ምን አሰባችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። "ሊበራላይዜሽን" የሰማ ግን አንገቱን ነቅንቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ግላመር ማለት ይሄ ነው፤ ዓይን ላይ የተጣለ።

የባንክ ብድር ውሉም፣ የሐኪሙ ወረቀትም ከዚህ አይርቅም። ወደ አረብ አገር የምትሄድ ልጅ የማታነበውን ውል ስትፈርም ደግሞ የሚታሰረው ወረቀቱ ሳይሆን እሷ ናት።

"ለሙያ ቃላት አማርኛ የለንም" የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አልቀበለውም። ያ የሚጠረጠረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አንድምታን የሠራ ነው። መምህሩ የግእዙን ዘር ያነባል፣ በአማርኛ ይፈታዋል፣ "አንድም" ይልና ሌላውን መንገድ ያሳያል። ነገረ መለኮትን ያህል ነገር በአማርኛ የፈታ አገር የምንዛሪ ተመን ያቅተዋል? "ሰዋስው" በግእዝ መሰላልም ማለት ነው፤ የዛሬዎቹ ሊቃውንት ወጥተው ሲያበቁ መሰላሉን ወደ ላይ ጎትተውታል።

ደግሞስ አማርኛ አጥተው አይመስለኝም። በዚያ ሰሞን የቤት አስቤዛ ለምን እንደማይበቃ ለባለቤቶቻቸው ሲያስረዱ "ፍሎቲንግ" አላሉም።