የወገብ ሕመምና በሐፍረት የተሸፈነው ችግር

የዛሬው ርዕሳችን በብዙ ቤቶች ውስጥ እያለ በግልጽ የማይነገር ስለሆነ፣ እናቶችም ወጣቶችም አባቶችም አብራችሁ እንድታነቡት እንጠይቃለን።

አንዲት የምናውቃት እናት አለች። አምስት ልጆች ወልዳ ያሳደገች፣ በረመዷን ከጎረቤት ሴቶች ሁሉ ቀድማ ለተራዊሕ ወደ መስጊድ የምትወጣ ነበረች። ከመጨረሻው ልጇ በኋላ ግን ቀረች። ልጆቿ ምክንያቱን ሲጠይቋት «ወገቤን ያመኛል» ትላቸዋለች። ውሸት አልነበረም፤ ወገቧን ያማታል። ያልተናገረችው ግን ሌላ ነበር። ስታስል፣ ስታስነጥስ፣ ጀሪካን ስታነሳ፣ ከሱጁድ ቀና ስትል ሽንት ያመልጣታል። «ውዱኤ ፈረሰ፣ ልብሴ ተነጀሰ» እያለች ስለምትጨነቅ ከሰው መካከል መስገድን ፈራች። ይህን ለባሏም ለእህቷም ሳትነግር አራት ዓመት ቆየች። አንዳንዶች «ዱንያ ይዟት ነው» ይሉ ነበር። እርሷ ግን በየሌሊቱ ታለቅስ ነበር።

እንግዲህ ይህቺ እናት ብቻዋን አይደለችም። ከወለዱ ሴቶች መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከወሊድ በኋላ ሽንት የማምለጥ ችግር ያጋጥማቸዋል። አብዛኞቹ «የወለደች ሴት ዕጣ ነው» ብለው ይቀበሉታል። የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ችግሩ በብዙዎች ላይ ያለ መድኃኒትና ያለ ቀዶ ሕክምና በእንቅስቃሴ ብቻ የሚሻሻል ነው።

ሐያእ ከመጠየቅ አያግድም

ሐያእ የኢማን አካል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ይሁንና ሐያእ ማለት ሕመምን ደብቆ መሰቃየት ማለት አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኗቸው ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነው። ደማቸው አልቆም ያላቸው ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ.) ጉዳዩን በቀጥታ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቅርበው ጠይቀዋል። የተሰጣቸውም መልስ ሶላትን ተዉ የሚል ሳይሆን እየታጠቡ እንዲሰግዱ የሚያደርግ ነበር። የኪንታሮት ሕመም የነበረባቸው ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) ስለ ሶላታቸው በጠየቁ ጊዜም መቆም ከቻሉ ቆመው፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ እርሱንም ካልቻሉ በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳስተማሯቸው ቡኻሪ ዘግበውታል።

ስለዚህ ሽንቱ ፋታ የማይሰጠው፣ ውዱእ አድርጎ እስኪሰግድ ድረስ እንኳ የማይቆምለት ሰው በሸሪዓችን ባለ ዑዝር ነው። አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት እንዲህ ያለው ሰው የሶላቱ ወቅት ሲገባ ተጣጥቦና ጨርቅ አድርጎ ውዱእ ካደረገ በኋላ እንዲሰግድ፣ ከዚያ በኋላ በሚያመልጠው እንዳይጨነቅ ያስተምራሉ። አልፎ አልፎ በሳል ጊዜ ብቻ የሚያመልጣት ሴት ግን ሁኔታዋ ይለያል፤ ባመለጣት ጊዜ ውዱኧን ታድሳለች። የራስን ሁኔታ ለይቶ ለማወቅ በአቅራቢያ ያለን ዓሊም መጠየቅ ይገባል። በሁለቱም መንገድ ሶላትን መተው መፍትሔ አይደለም።

ችግሩ ከየት ይመጣል?

ከፊት ከብልት አጥንት ጀምሮ ከኋላ እስከ ጭራ አጥንት ድረስ በዳሌያችን ውስጥ የተዘረጉ ጡንቻዎች አሉ፤ የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ይባላሉ። የጠፍር አልጋን እናስብ። ጠፍሩ ውጥር ሲል ፍራሹን ይሸከማል፤ ሲላላ ፍራሹ ወደ ታች ይሰምጣል። እነዚህ ጡንቻዎችም የሽንት ፊኛን፣ ማህፀንንና የሰገራ አንጀትን ተሸክመው ይይዛሉ፤ ሽንትና ሰገራ የሚቆጣጠሩትም እነርሱ ናቸው። እርግዝና፣ የረዘመ ምጥ፣ ተደጋጋሚ ወሊድ፣ ከባድ ሸክም፣ የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀትና ከልክ ያለፈ ውፍረት ያላሏቸዋል። ያን ጊዜ ሽንት ያመልጣል፤ አንዳንዴም ማህፀን ወደ ታች ይወርዳል። ወንዶችም እነዚህ ጡንቻዎች አሏቸው። በተለይ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ አባቶች ተመሳሳይ ችግር ሊገጥማቸው ይችላል።

ወገብስ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? የዳሌ ወለል፣ የሆድ ውስጠኛ ጡንቻዎች፣ የጀርባ ጡንቻዎችና የምንተነፍስበት ድያፍራም በአንድ ላይ የሚሠሩ ናቸው። እቃ ስናነሳ ሁሉም አብረው ወገብን ይደግፋሉ። ስለዚህ የወገብ ሕመምና የሽንት ማምለጥ በአንዲት እናት ላይ አብረው መገኘታቸው ብዙም አያስገርምም።

ወገብ ሲያም መተኛት ነውን?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም ነበረባቸው። ከእነዚህ ውስጥ በአብዛኞቹ፣ ማለትም በ90 በመቶ ያህሉ፣ ሕመሙ ተለይቶ ከሚታወቅ የአጥንት ወይም የነርቭ በሽታ የመጣ አይደለም። ታዲያ በእኛ ዘንድ ወገቡን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ተኛ፣ አትንቀሳቀስ» የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ አንድ የፊንላንድ ጥናት ይህን ፈትኖታል። ወገባቸውን በድንገት ያመማቸው 186 የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ክፍል ለሁለት ቀን አልጋ ላይ እንዲያርፍ፣ ሌላው የጀርባ እንቅስቃሴ እንዲሠራ፣ ሦስተኛው ሕመሙ በፈቀደለት መጠን የዕለት ተግባሩን እንዲቀጥል ተደረገ። ፈጥኖ የዳነው ሦስተኛው ሲሆን አልጋ ላይ ያረፈው ወደ ኋላ ቀረ። እንግዲህ ሕመሙ አዲስ ሲሆን ዋናው ነገር አለመተኛት ነው፤ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ቀላል ሥራን መቀጠል። ሕመሙ ከሦስት ወር ካለፈ ደግሞ የታቀደ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም እንቅስቃሴን፣ ፊዚዮቴራፒንና ትምህርትን የመከረ ሲሆን የወገብ ቀበቶንና በገመድ መጎተትን ለዚህ ሕክምና አልደገፈም።

ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳይክሎፌናክ እየገዙ ለወራት መዋጥም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ወጌሻ ጋ ሄዶ ወገብን በኃይል ማስጠምዘዝ ደግሞ ሕመሙ የአከርካሪ ቲቢ ወይም ስብራት ሆኖ ከተገኘ ለከፋ አደጋ ያጋልጣል።

በቤት ውስጥ የሚሠሩ እንቅስቃሴዎች

1ኛ. የዳሌ ወለልን ማጠንከር፦ ይህን እንቅስቃሴ በሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀው አርኖልድ ኬግል የተባለ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም ሲሆን ጽሑፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ማጠፍ፤ ከዚያም ሽንትንና አየርን በአንድ ጊዜ ለመያዝ እንደሚፈልግ ሰው ጡንቻውን ጨምቆ ወደ ላይ መሳብ። እስከ አምስት እየቆጠሩ መያዝ፣ ከዚያ በሚገባ መልቀቅና እስከ አምስት ማረፍ። ከ8 እስከ 10 ጊዜ መደጋገም። ትንፋሽ መያዝ፣ ቂጥንና ጭንን መጨበጥ አያስፈልግም። ጡንቻው ሲለምድ እስከ አሥር መቁጠር ይቻላል። ሽንት እየሸኑ አቋርጦ መለማመድ ግን ጥሩ አይደለም።

ይህ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር ሳይቋረጥ መሠራት አለበት። እንዳይረሳ ከሱብሕ፣ ከዙህርና ከዒሻ በኋላ ብታደርጉት ይቀላል። ይህን የምንለው ለማስታወሻ ብቻ ነው፤ የሶላቱ ክፍል አይደለም። ሶላትም ዒባዳ እንጂ ስፖርት አይደለም።

2ኛ. ቀድሞ መጨምደድ፦ ሳል ወይም ማስነጠስ ሲመጣ፣ ጀሪካን ወይም ልጅ ከማንሳት በፊት፣ ያንኑ ጡንቻ ቀድሞ መጨምደድ። ብዙ እናቶች ለውጡን መጀመሪያ የሚያዩት በዚህ ነው።

3ኛ. ዳሌን ከፍ ማድረግ፦ በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ዳሌን ቀስ ብሎ ከመሬት ማንሳት፤ ለአምስት ቆጠራ ይዞ ቀስ ብሎ ማውረድ፤ 10 ጊዜ።

4ኛ. በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ አንድ እጅንና ተቃራኒውን እግር ቀጥ አድርጎ መዘርጋት፤ ጎኑን እየቀያየሩ በየተራ ከ5 እስከ 10 ጊዜ። ወገብ እንዳይወዛወዝ መጠንቀቅ።

5ኛ. በየቀኑ በእግር መሄድ፤ በ10 ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር።

መጠነኛ የጡንቻ መዛል የሚጠበቅ ነው። ሕመሙ ወደ እግር እየወረደ ከሄደ ግን ማቆምና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። በግንኙነት ጊዜ ወይም ዳሌዋ አካባቢ ሕመም ያለባት እህትም ጡንቻዋ የላላ ሳይሆን የተኮማተረ ሊሆን ስለሚችል፣ መጨምደዱን ከመጀመሯ በፊት ትመርመር።

ከዚህ ሌላ ሸክምን ለሁለት ከፍሎ መያዝ፣ ወደ ሰውነት አስጠግቶ ማንሳት፣ የልብስ ሳፋውን ከመሬት ከፍ ባለ ነገር ላይ ማስቀመጥ፣ የሆድ ድርቀትን በውኃና በአትክልት መከላከል ይጠቅማል። ሽንት እንዳያመልጥ ብሎ ውኃ መተው ግን ፊኛን ያስቆጣል እንጂ አይረዳም። የአራስ ሆድን በመቀነት ማሰር ለጊዜው ድጋፍ ቢሰጥም የጡንቻን ሥራ አይተካም።

መቼ ነው ወደ ሐኪም የሚሮጠው?

በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ከወገብ ሕመም ጋር በድንገት ሽንትና ሰገራ መልቀቅ፣ የእግር መድከም ከታየ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። ከወገብ ሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ወይም ከመውደቅ የመጣ ሕመም ካለም ምርመራ አይዘገይ። ከረዘመ ምጥ በኋላ ሽንት ያለማቋረጥ፣ ቀንም ሌሊትም የሚፈሳት እህት ደግሞ ፌስቱላ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በእንቅስቃሴ ብቻ የሚድን ሳይሆን ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ነው። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት የፌስቱላ ሆስፒታል እንዲህ ያሉ እናቶችን በነጻ ያክማል።

ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስትሄዱ ሴት ባለሙያ መጠየቅ፣ እህትን ወይም እናትን ይዞ መግባት መብታችሁ ነው። ያለ ፈቃዳችሁ የሚደረግ የውስጥ ምርመራ የለም። ሴት ባለሙያ ታጥታ ሕክምናው ግድ ከሆነም ዑለማዎች አስፈላጊ በሆነው መጠን ብቻ ወንድ ሐኪም እንዲያክም ይፈቅዳሉ።

ባሎችም አንድ አደራ አለባችሁ። ሚስቶቻችሁ «ወገቤን» ሲሉ «ምን ሠራሽና» አትበሉ። ውኃውን አምጡላቸው፣ ሕፃኑን ያዙላቸው፣ ለሐኪም የሚሆነውን ወጪ አትሰስቱ። ለቤተሰቡ መልካም መሆን የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሱንና ነው። ወጣቶችም እናታችሁ ከመስጊድ ስትቀር ከመውቀሳችሁ በፊት ጤንነቷን ጠይቁ። ወንበር ላይ ሆነው የሚሰግዱ አባትንም በሐዘኔታ ዓይን አትመልከቱ፤ ሸሪዓ የሰጣቸውን ፈቃድ ነው የተጠቀሙት።

ያቺ እናትስ? በመጨረሻ ለእህቷ ነገረቻት፤ እህቷ ይዛት ወደ ሕክምና ሄደች። ሦስት ወር ያህል ተለማመደች። ፈጽሞ ዳነች አንልም፤ ጉንፋን ሲይዛት ዛሬም ጨርቅ ትይዛለች። ወገቧም ከባድ ሥራ በሠራች ቀን ያስታውሳታል። ግን በተከታዩ ረመዷን ከበር አጠገብ፣ የኋለኛው ረድፍ ላይ ቆማ ተራዊሕ ሰግዳለች፤ አልሐምዱሊላህ። እኛንም ይህን ጉዳይ እንድንጽፍ የጠየቀችን እርሷ ናት፤ «ሌላዋ አራት ዓመት እንዳትቆይ» ብላ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሕመምተኞቻችንን ይፈውስልን፣ ለእናቶቻችን ብርታትን ይስጥልን።