ከፊት የበራ፣ ከኋላ የጨለመ

ሰሞኑን ፍሬቻ ለማስጠገን አንድ ጋራዥ ገብቼ ነበር። ከጎኔ አንድ ወጣት በአሮጌ ቪትዙ ግንባር ላይ ሁለት ነጭ የኤልኢዲ መብራቶች ያስገጥማል። ዞር ብዬ ከኋላ ሳየው የግራው መብራት ሽፋን ተሰብሮ በፕላስተር ታሽጓል፤ አምፖሉም ተቃጥሏል። «ይሄንንስ አታሠራውም?» አልኩት። መልሱን የሰጠኝ ኤሌክትሪሻኑ ነበር፦ «ጋሼ፣ ይሄ ከገባለት ሌላው ትርፍ ነው። ቀንም ማታም ይታያል።» ወጣቱ ከፍሎ ሄደ።

እኔን ግን ያ ቃል አልለቀቀኝም። ይታያል? ለማን?

ወጣቱ ያስገጠመው ዓይነት የቀን መብራት የሚታየው ከፊት ለሚመጣ ሰው ነው። ሞተር ሲነሳ ግንባሩ ላይ ይበራል፤ ከኋላ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ አንድም አምፖል አይበራም። ተለጥፎ የሚገጠመው ብቻ ሳይሆን ከፋብሪካ የሚመጣውም በአብዛኛው እንዲሁ ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአዳዲስ የመኪና ሞዴሎች ላይ የቀን መብራትን ግዴታ ስታደርግ የኋላው አብሮ ይብራ አላለችም። ያ መብራት የተሠራው ለፀሐይ ሰዓት ነውና። ለማታ ሌላ ማብሪያ አለ፤ እጅን ዘርግቶ ማዞር ብቻ ነው የሚጠይቀው። እኛ ግን የቀኑን ለማታ አድርገን ያንን ማብሪያ ረሳነው።

ድሮ መርሳት ከባድ ነበር። ሲመሽ ዳሽቦርዱ ራሱ ይጨልምና የፍጥነት ቆጣሪው አልታይ ሲል ሹፌሩ መብራት ያበራል። ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ስክሪናቸው ቀንም ማታም ቦግ ያለ ነው። ሹፌሩ ከፊቱ አስፋልቱ ላይ ብርሃን ያያል፣ ከመሪው በላይም ብርሃን ያያል፣ በቃ በርቷል ብሎ ይነዳል። ጀርባው ግን ድቅድቅ ነው። ከኋላው የሚመጣው ሲኖትራክ ይህን የሚያውቀው አጠገቡ ሲደርስ ነው፤ የጫነ ሲኖትራክ ደግሞ አጠገብ ደርሶ አይቆምም።

ይህ የኔ ስጋት ብቻ አይደለም። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1989 መጨረሻ ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች የቀን መብራትን ያስገደደች አገር ናት። ሕዝቧ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሮበታል። እዚያም ከፊት በርተው ከኋላ ጨልመው የሚሄዱ መኪኖች በዝተው ሰዎች «የሙት መንፈስ መኪና» የሚል ስም አወጡላቸው። መንግሥቱም ሕጉን አሻሽሎ፣ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ የሚሠሩ አዳዲስ መኪኖች ወይ የኋላ መብራታቸው ከፊተኛው ጋር አብሮ እንዲበራ፣ ወይ ሲጨልም መብራቱ ሁሉ በራሱ እንዲበራ፣ ወይም ዳሽቦርዱ ጨልሞ ሹፌሩን እንዲያስታውሰው አዘዘ። በሥራው የቆዩበት ሰዎች ስህተቱን አይተው ሲያርሙ እኛ ስህተቱን ከሱቅ ገዝተን እንለጥፋለን።

«ስዊድን እንኳ ታስገድዳለች» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ። ስቶክሆልም በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ፀሐይዋም ከአድማስ ብዙም ሳትርቅ ዓይን እየወጋች ትውላለች። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ፀሐይ አላት። የእኛ ፈተና ረጅም ድንግዝግዝታ አይደለም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርሃን የነበረው ሰማይ ብዙም ሳይቆይ ጥቁር መሆኑ ነው። ሰው ጨለማውን ልብ ሳይለው በጨለማ ውስጥ ይገኛል። የመንገድ መብራት በሌለበት፣ በሬና አህያ በሚሻገርበት መንገድ ላይ ከኋላ የማይታይ መኪና ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ጣርማ በርን አስቡት። በክረምት ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሲውጠው ቀትርና ምሽት አይለዩም። ከዚያ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ይመጣል። በዚያ ጉም ውስጥ ከፊትህ ያለውን መኪና የምታውቀው በኋላው በሁለት ቀይ ነጥቦች ነው። እነሱ ከሌሉ ከፊትህ መኪና የለም ማለት ነው፤ እስክትገጨው ድረስ።

ደግሞ የሚለጠፈው ነገር ራሱ ምንድን ነው? በዓለም አቀፉ ደንብ የቀን መብራት ነጭ መሆን አለበት፤ ድምቀቱ ከ400 ካንዴላ ያላነሰ፣ ከ1200 ያልበለጠ፤ የግንባሩ መብራት ሲበራም በራሱ መጥፋት ወይም መደብዘዝ አለበት። በየሱቁ የሚሸጠው ሰማያዊ አለው፣ ብልጭ ድርግም የሚል አለው፤ ማታም ሳይደበዝዝ ይበራና ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል። ቀን እንዲያሳይ የተፈጠረ ዕቃ ማታ ዓይን ይጋርዳል፣ ከኋላም ምንም አያሳይም። ይህንን ጥንቃቄ ብለው የሚሸጡትን አልታገሥም፤ በሰው ሕይወት ላይ የሚሠራ ንግድ ነው።

የቀን መብራት ይቅር አልልም። የፈለገ ያስገጥም፤ ግን ሽቦው የኋላውን አብሮ እንዲያበራ ይጠይቅ። ያልተገጠመለትም ከዝናብና ከጉም በፊት አጭር መብራቱን ያብራ፤ ያኔ የኋላውም አብሮ ይበራል። ቦሎ ሲታደስም ሆነ ትራፊክ መንገድ ላይ ሲያስቆም መጀመሪያ ጀርባው ይታይ። ማታ ግድግዳ አጠገብ አቁመህ ቀዩ ብርሃን ሲያርፍበት ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ያ ወጣት ለሁለቱ ነጭ መብራቶች የከፈለው፣ ለተቃጠለችው አንድ አምፖል ተርፎ ይበዛ ነበር። ኤሌክትሪሻኑ ትርፍ ያላት እሷን ነው። ማታ በዚያ መኪና ውስጥ ያሉትን ከኋላ ከሚመጣው የምትጠብቃቸው ግን እሷ ነበረች።