የማዕዳችን ሒሳብ

ረመዳን የመቁጠር ወር ነው። የቀሩትን ቀናት እንቆጥራለን፣ ያነበብነውን ጁዝእ እንቆጥራለን፣ ዘካችንን አስልተን እናወጣለን። ዛሬ ብዙዎቻችን ይህን የምናደርገው በእጅ ስልካችን ነው፤ የሱሁርና የኢፍጣርን ሰዓት የሚነግረን እሱ፣ ቂብላን የሚጠቁመንም እሱ ነው። በዚሁ ስልክ አንድ የምንዘነጋውን ነገር ብንቆጥርበትስ? ይኸውም ቤታችን በምድርና በአየር ላይ የሚጥለው ሸክም ነው።

የዘርፉ ባለሙያዎች «የካርበን አሻራ» ይሉታል። ነዳጅ፣ ከሰልና እንጨት ሲነድ፣ የተጣለ ምግብም ሲበሰብስ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ይወጣል። የዚያ ጋዝ መጠን በኪሎ ሲሰላ አሻራችን ይታወቃል። ለምሳሌ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ይህን ለየቤተሰቡ የሚያሰሉ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ።

ባለፈው ረመዳን ልጃችን አንዱን በስልኳ ላይ ጭና አብረን ሞላነው። የሚጠይቀን ስለ ቤት ማሞቂያ ጋዝና ስለ አውሮፕላን ጉዞ ነበር። ስለ ከሰል ምድጃና ስለ እንጀራ ምጣድ አንድም ጥያቄ የለውም። በመጨረሻ ጥፋት የሌለብን ያህል ነገረን፤ እኛም ደስ ብሎን ልንዘጋው ነበር። ልጃችን ግን አልረካችም። የስልኳን ማስታወሻ ከፍታ፣ ከኢፍጣር በኋላ የሚጣለውን ሁሉ በኩሽና ሚዛን እየመዘነች በየምሽቱ መመዝገብ ጀመረች። በሰባተኛው ቀን አነበበችልን። ያደረ ሳምቡሳ፣ የኮመጠጠ ሾርባ፣ የደረቀ ዳቦ፣ የሻገተ እንጀራ፤ በድምሩ አሥራ አንድ ኪሎ። በዚያው ሳምንት ጁምዓ ሚንበር ላይ ቆመን ስለ ኢስራፍ የተናገርነው እኛው ነበርን። አፈርን።

ሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ መብላትንና መጠጣትን ፈቅዶ ማባከንን እንደሚከለክል ሁላችንም እናውቃለን። ያላወቅነው የራሳችንን መጠን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንዳስታወቀው በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ከግማሽ በላይ የሆነው የባከነው በመኖሪያ ቤቶች ነው። ምድርን ከሚያሞቀው ጋዝ ከመቶ 8 እስከ 10 የሚሆነው ከሚጠፋና ከሚባክን ምግብ ጋር የተያያዘ ነው። ቆሻሻ ክምር ሥር አየር አጥቶ የሚበሰብስ ምግብ ሚቴን ያወጣል። ሚቴን ደግሞ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርበን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ያሞቃል።

«ኢትዮጵያ ምን አወጣችና ነው?» የሚል ወንድም ይኖራል። እውነቱን ነው። መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመነጭ ነው፤ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻም ከባለጸጋ አገሮች ነዋሪ ጋር አይነጻጸርም። ብዙ ያቃጠሉት ብዙ ይጠየቃሉ። ነገር ግን አማና በጎረቤት ጥፋት አይለካም። ከ2020 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ከብቶቻቸውን የቀበሩት ወገኖቻችን ከሁሉም ያነሰ ያቃጠሉት ናቸው። እነሱ በተራቡበት አገር አሥራ አንድ ኪሎ ምግብ መጣል በአላህ ፊት ምን መልስ አለው?

ስለዚህ ሦስት ነገር እንመዝግብ። አንደኛ፣ የተረፈውን ምግብ። ቁጥሩን ስናይ የምንቀንሰውን እናውቃለን፤ የሚተርፈውንም ሳይበላሽ ለጎረቤትና ለሚስኪን እናደርሳለን። ሁለተኛ፣ ከሰልን። ጆንያው የተገዛበትንና ያለቀበትን ቀን እንጻፍ። በባህላዊ መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል ከአምስት ኪሎ የማያንስ እንጨት ይነዳል። መብራት ባለበት በመብራት እናብስል፤ ከሰል ግድ ከሆነ እንደ ላቀች ያለ ቆጣቢ ምድጃ እንጠቀም። ሦስተኛ፣ መኪና ያለን ሰዎች የቀዳነውን ሊትር። በ2.3 እናባዛው፣ ከዚያ ለተራዊህ በእግር መሄድ ወይም ጎረቤት ጭኖ መሄድ ምን ያህል እንደሚያቃልል እንይ።

ሦስት ማሳሰቢያ አለን። ምዝገባው ሙሓሰባ፣ ማለትም ራስን መተሳሰቢያ ነው፤ ለሰው ማሳያ ካደረግነው ሪያእ ይሆናል። ከከሰል ሌላ ማገዶ የሌለውን ደሃም አንውቀስበት። ሸክሙንም በእናቶች ላይ አንጣል። በቤታችን እንዳየነው ማዕዱን የሚያበዛው የልጆቻችን እናት ፍላጎት ሳይሆን «ዛሬስ ምን አዲስ ነገር አለ?» የሚለው የእኛ የአባቶች ጥያቄና የእንግዳ ይሉኝታ ነው።

እኛ ያንን ጥያቄ ተውነው። ከአምስት ዓይነት ምግብ ወደ ሦስት ወረድን፤ ማንም ተርቦ አላደረም። በመጨረሻው ሳምንት የልጃችን መዝገብ ከሦስት ኪሎ በታች አሳየ። ከአስቤዛው የተረፈውን ገንዘብ ለሰደቃ ሰጠነው። ዘንድሮም ገና በመጀመሪያው የሱሁር ሌሊት አዲስ ገጽ ከፍታ ሚዛኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። ልጅ አባቷን ስትቆጣጠር ደስ የሚያሰኝ ወር ይህ ነው።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ሒሳባችንንም ያቅልልን። አሚን።