የወደቀው ዛፍና የእኛ ምሳር



እኛ ለወረቀት ጉዳይ ወደ ናይሮቢ ከመጣን ሦስተኛ ሳምንታችንን ይዘናል። ጉዳያችን ገና አላለቀም። ሆኖም ይህች በእጅ ተጽፋ ከመጠለያ መጠለያ የምትዞር መጽሔታችን ስትወጣ የእኛ ገጽ ባዶ እንዳይሆን፣ ሰሞኑን ኢስሊ ውስጥ በአንድ የአገር ልጅ ሻይ ቤት የሰማነውን ክርክርና በክርክሩ ላይ ያለንን አቋም ጽፈን ልከናል። ጉዳዩ የእግር ኳስ ነው። «መምህራን ሆነው ስለ ኳስ ይጽፋሉ?» የሚሉን እንደማይጠፉ እናውቃለን። አዎን፣ እንጽፋለን። እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ምክንያታችንን ያገኘዋል። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ክርክሩ እንዲህ ተነሣ። በቴሌቪዥኑ የእንግሊዝ ጨዋታ ይታይ ነበር። አንድ አጥቂ ከተጠባባቂዎች ወንበር እንኳ ወጥቶ፣ የዘወትር ልብሱን ለብሶ ከተመልካች መካከል ተቀምጦ ታየ። ወዲያው ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «አሰልጣኙ ልክ ነው፤ ያልፈለገውን አያሰልፍም፤ ለማንም መልስ የመስጠት ዕዳ የለበትም» አለ። ግማሹ «ግፍ ነው!» ብሎ ጮኸ። ይህን ጊዜ ከበሩ አጠገብ ሻዩን ይጠጣ የነበረ አንድ ኬንያዊ ሾፌር ጣልቃ ገብቶ፣ «እናንተ የሩቁን ታወራላችሁ፤ እኛ የጄሲ ዌሬን ነገር መች ረሳን?» አለ። ከዚያ በኋላ ጨዋታውን ያየ ሰው አልነበረም።

የዌሬን ነገር ለማታውቁ በአጭሩ እናስረዳ። ጄሲ ዌሬ በ2015 ለታስከር ክለብ እየተጫወተ በኬንያ ፕሪሚየር ሊግ በ22 ጎል የዓመቱ ከፍተኛ አግቢ ሆነ። ከዚያም ወደ ዛምቢያ ተሻግሮ ለዜስኮ ዩናይትድ ተሰለፈ፤ በዚያም ጎል ማግባቱን ቀጠለ። በ2019 ኬንያ ከ15 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስታልፍ፣ ፈረንሳዊው አሰልጣኝ ሴባስቲያን ሚኜ ወደ ግብፅ ይዟቸው ከሄዱት ተጫዋቾች መካከል ዌሬ አልነበረም። ናይሮቢ ተናወጠች። የአሰልጣኙ ወገኖች «ለክለቡ ያገባል እንጂ በብሔራዊ ቡድን መለያ አያገባም» አሉ። የአጥቂው ወገኖች ደግሞ «ጎል የሚያገባ ሰው ቤት ትቶ ወደ ጦርነት የሚሄድ ማን ነው?» አሉ። ውጤቱ ይታወቃል። ኬንያ በአልጄሪያ 2 ለ 0፣ በሴኔጋል 3 ለ 0 ተሸነፈች፤ ታንዛኒያን ብቻ 3 ለ 2 አሸንፋ ከምድቧ ወደቀች። ብዙም ሳይቆይ ሚኜም ሥራውን ለቀቀ።

«ይኸው! ዌሬ ቢኖር ኖሮ…» ይላሉ የአጥቂው ወገኖች። እኛ ግን ይህን ዓይነቱን ክርክር አንቀበልም። ዌሬ ቢኖር ምን ይሆን እንደነበር ማንም አያውቅም። አሰልጣኙ ልክ ነበር ወይስ ተሳስቷል የሚለው ጥያቄ ሺህ ጊዜ ቢነሣ መልስ የለውም። የሁለቱም ወገን ስሕተት ከዚህ ይጀምራል። ሁለቱም የሚከራከሩት በምርጫው ላይ ነው። መጠየቅ የነበረበት ግን በአያያዙ ላይ ነው።

ነገሩን እንለየው። የመምረጥ መብት አንድ ነገር ነው። የማዋረድ መብት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንዲያውም እንዲህ ያለ መብት የለም። 23 ሰው ይዞ የሚሄድ አሰልጣኝ ሃያ አራተኛውን ማስቀረቱ ግድ ነው። ይህን የሚነፍገው የለም። ነገር ግን ያ ሃያ አራተኛ ሰው መቅረቱን ከማን ይሰማል? ከአሰልጣኙ አፍ ነው ወይስ ከሬዲዮ? ለምን እንደቀረ ይነገረዋል ወይስ በየመንገዱ ሲተረጎምለት ይኖራል? በነጋታው ደግሞ ሰላም ይባላል ወይስ እንደ ተላላፊ በሽተኛ ይገለላል? እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን መጀመሪያ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር፦ ተማሪን መጣል ይቻላል፤ ነገር ግን የወደቀበትን ቦታ በቀይ ቀለም ሳያሳዩ መጣል ማረም አይባልም።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ዛሬ ናይሮቢ የምታውቀው አንድ ሰው ነው። በመጋቢት 2025 የኬንያ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሆኖ የተሾመው ቤኒ ማካርቲ ራሱ በአንድ ወቅት ያልተፈለገ አጥቂ ነበር። ደቡብ አፍሪካ በዓለም ዋንጫ ታሪኳ የመጀመሪያዋን ጎል በ1998 ዴንማርክ ላይ ያገባው እሱ ነው። በ2004 ከፖርቶ ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አነሣ። ለአገሩ 31 ጎል በማግባት የምንጊዜም ከፍተኛ አግቢዋ ሆነ። የዓለም ዋንጫ በ2010 ወደ ገዛ አገሩ ሲመጣ ግን አሰልጣኙ ካርሎስ አልቤርቶ ፓሬራ ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ስሙን ከዝርዝሩ አወጣው። የአካል ብቃቱ አልበቃም ተባለ። ምናልባትም እውነት ነበር። ደቡብ አፍሪካ በሦስት ጨዋታ ሦስት ጎል አግብታ ከምድቧ ስትወድቅ፣ እንዲህ የሆነች የመጀመሪያዋ አስተናጋጅ አገር ሆነች።

እዚህም ላይ «ማካርቲ ቢኖር ኖሮ» አንልም። የምንለው ሌላ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ሰውየው ከዝርዝሩ ሲወጣ ስለ ጨዋታው ያወራ ትንሽ፣ ስለ ሆዱ ያወራና የቀለደ ግን ብዙ ነበር። ምሳሩን የያዙት አሰልጣኞች ብቻ አልነበሩም። ትናንት ስሙን እየጠሩ የዘፈኑ ደጋፊዎች ናቸው። ዛሬ ያ ሰው ዝርዝር አንባቢ ሆኗል። እሱም ማስቀረቱ አይቀርም፤ ሥራው ነውና። ናይሮቢ ከእሱ ልትጠይቀው የሚገባት ሁሉንም እንዲያሰልፍ አይደለም። ከዝርዝሩ ውጭ መቆም ምን እንደሚመስል እንዳይረሳ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋነኞቹ ተቃዋሚዎቻችን እንምጣ። እነሱ የሚሉን ይህ ነው፦ «ተጫዋች በሳምንት የእኛን የዕድሜ ልክ ራሽን የሚያህል ደመወዝ ይበላል፤ ለእሱ የምናለቅስበት ምክንያት ምንድን ነው?» ይህ ቃል በሻይ ቤቱ በጭብጨባ ተደግፏል። ታላላቆችም ብለውታል። በ2025 ቼልሲ ራሂም ስተርሊንግንና አክሴል ዲሳሲን ከዋናው ቡድን ለይቶ ለብቻቸው ሲያለማምድ፣ የዚያን ጊዜው አሰልጣኝ ኤንዞ ማሬስካ ስለ ጉዳዩ ተጠይቆ የአባቱን ኑሮ አነሣ። አባቱ 50 ዓመት በሌሊት እየተነሣ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው፤ ከባድ ኑሮ ማለት ያ ነው እንጂ የተጫዋች አይደለም አለ።

ለዓሣ አጥማጁ አባት ያለን አክብሮት ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን እንጠይቃለን። የስተርሊንግ መገለል ለዓሣ አጥማጁ ስንት ዓሣ ጨመረለት? የአንዱ ኑሮ ከባድ መሆኑ ሌላውን ለማዋረድ ፈቃድ የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው? ደመወዝ የሚከፈለው ለጉልበት ነው። ክብር በደመወዝ ውስጥ ተሽጦ አያውቅም። ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። የዓለም የእግር ኳስ ፌዴሬሽን የተጫዋቾች ደንብ ራሱ በ2018 ሲሻሻል፣ አንዱ ወገን ሌላውን ውል እንዲያፈርስ ወይም እንዲለውጥ ለማስገደድ በደል ከፈጸመበት፣ ተበዳዩ በበቂ ምክንያት ውሉን ሊያቋርጥ እንደሚችል ደንግጓል። በውድድር ዘመኑ ክለቡ ካደረጋቸው ይፋዊ ጨዋታዎች ከ10 በመቶ በታች የተሰለፈ ነባር ተጫዋችም በስፖርታዊ ምክንያት ውሉን የማቋረጥ በር ተከፍቶለታል። ሀብታሞቹ ክለቦች የሚገዙበት ደንብ ያወቀውን በደል፣ ባዶ ኪስ ያለን እኛ እንዴት እንክደው?

ተጫዋች ሁሉ ባለ ሚሊዮን ነው የሚለውም ሐሰት ነው። በ2009 በዚችው ናይሮቢ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ሲካሄድ፣ 12 የኤርትራ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ቀርተው ጥገኝነት ጠይቀዋል። መለያቸውን አውልቀው የተሰለፉት እኛ በምንሰለፍበት ሰልፍ ነው። የእኛስ አገር? በ1962 የአፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ በአምበልነት ያነሣው ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወጥቶ በጣልያን በስደት ኖሮ በ2022 አረፈ። ዋንጫ ያነሣ እጅም ከዝርዝር ይወጣል።

ሌላም የሚያሳፍር ነገር አለ። በዚያው በ2025 ክረምት፣ ከኤርትራውያን ወላጆች ስዊድን የተወለደው አሌክሳንደር ኢሳክ ለኒውካስል አልጫወትም ብሎ በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ሊቨርፑል ሲሄድ፣ እነዚሁ ወንድሞቻችን «ውል አለበት! ውል ይከበር!» ሲሉ ነበር። መልካም፣ ውል ይከበር። ታዲያ ክለብ ውል ያለውን ተጫዋች ገለል አድርጎ እስኪሰለቸው ሲያሸው ያ ውል የት ሄደ? ያን ጊዜ «ንግድ ነው» ይባላል። ተጫዋች ሲያምፅ ከዳተኛ፣ ክለብ ሲያባርር ብልህ! ይህ የኳስ እውቀት አይደለም። ስሙ አድርባይነት ነው። ጉልበት ወዳለበት መጠጋት ነው። እኛን ከአገራችን ያወጣን ከዚሁ ጠባይ የተወለደ ነገር መሆኑን ብንረሳው አንድ ቀን እናፍርበታለን።

ወንድሞችና እኅቶች፤ «ከዕቅዴ ውጭ ነህ» የሚለው ቃል ለማን ነው አዲስ የሆነው? ከሰሌዳ ፊት ቆመን በጣታችን እየተከተልን የገዛ ስማችንን ፈልገን ያጣን ሰዎች አይደለንም? ምክንያቱን የሚነግረን ሰው ፍለጋ ከመስኮት መስኮት የተንከራተትን አይደለንም? ያን ዕለት ያመመን ስማችን አለመኖሩ ብቻ አልነበረም። ቀና ብሎ ያየን ሰው አለመኖሩ ነበር።

ይህን ሁሉ ከጻፍን በኋላ ግለ ሂስ ሳናደርግ ብንለያይ ጽሑፋችን ውሸት ይሆናል። ባለፈው ዓመት የሰፈራችንን የወጣቶች ቡድን ይመሩ ከነበሩት መካከል እኛም ነበርን። አንድ አጥቂ ነበረን። ስሙን አንጽፍም፤ ታውቁታላችሁ። ሁለት ዓመት ተጫውቶልናል፤ ባልተሰለፈበት ቀንም የውኃ ጀሪካኑን የሚሸከመው እሱ ነበር። ጉልበቱ ከተጎዳ በኋላ ሩጫው ቀነሰ፤ ስለዚህ ከውድድሩ ዝርዝር አስወጣነው። ምርጫችን ዛሬም ትክክል ይመስለናል። ያደረግነው ግን ምን ነበር? ዝርዝሩን በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፈን ሄድን። ልጁ በሰው ፊት ቆሞ አንብቦ፣ እንደገና አነበበ። ከኋላው ያሉት ሳቁ። በማግሥቱ መጥቶ «ጋሼ፣ ስሜ ተረስቶ ነው?» ሲለን፣ ዓይኑን ማየት ከብዶን «የኮሚቴው ውሳኔ ነው» ብለን አለፍን። ኮሚቴው እኛው ነበርን።

ልጁ ቡድኑን ተወ። ከዚያም ክፍል መምጣቱን ተወ። ጎበዝ ተማሪ ነበር።

እንግዲህ ሚኜን፣ ፓሬራንና ማሬስካን ስንወቅስ በእኛ እጅ ላይ ያለውን ምሳር እያየን ነው። ወቀሳ ብቻ ደግሞ ሥራ አይሆንም። ስለዚህ ለሰፈራችን ቡድን ይህን ሐሳብ እናቀርባለን፤ ለሚቀጥለው ስብሰባም አጀንዳ ይሁንልን።

አንደኛ፣ ከዝርዝር የሚወጣ ተጫዋች ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት ከአሰልጣኙ ከራሱ አፍ፣ ለብቻው ተጠርቶ ይስማ።

ሁለተኛ፣ ምክንያቱ ይነገረው፤ ምክንያት የሌለው ውሳኔም አይጽና።

ሦስተኛ፣ አለመሰለፍ መባረር አይደለምና ከጓደኞቹ ጋር ልምምድ የመሥራት መብቱ አይነካ።

አራተኛ፣ እኛ ቲፎዞዎች ጨዋታን እንንቀፍ፣ ሰውን ግን አንስደብ። ይህን የሚጥስ ማንም ቢሆን፣ መምህርም ቢሆን፣ ከሜዳው ዳር ይነሣ።

ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። የማንም ቢሮ ፈቃድም አያስፈልግም። በዚህ ሰፈር እኛ ራሳችን የምንጽፈው ዝርዝር ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ ቢያንስ እሱን እንደ ሰው እንጻፈው።

ወረቀታችን አልቆ ስንመለስ መጀመሪያ የምንሄደው ወደዚያ ልጅ መጠለያ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ይቅርታ መጠየቅ ዘግይቷል፤ በሩን ላይከፍትልንም ይችላል። ከእኛ በፊት የምታገኙት ካላችሁ ግን ይህን ገጽ አንብቡለት፤ ስሙ ያልተረሳ መሆኑንም ንገሩት።

ለጊዜው ናይሮቢ ከምንገኘው መምህራን