«ለመተኛ ነው እንጂ ለመቆሚያ ነው እንዴ?»

ቤት ፍለጋ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ወጥተናል። ሰሞኑን ከመሀላችን አንዱ ክፍል ሊከራይ ሲሄድ ሁለታችን አጅበነው ነበር። ደላላው በሩን ከፈተልን፤ አከራይዋም «አንድ ክፍል ነው፤ ግን ቆጥ አለው፤ እንደ ሁለት ክፍል ቁጠሩት» አሉን። ጓደኛችን መሰላሉን ወጣ። ወጥቶ ቁጭ ሊል ሲል ጭንቅላቱ ከኮርኒሱ ጋር ተላተመ። «እትዬ፣ እዚህ እኮ መቀመጥ አይቻልም» ቢላቸው ሳቅ አሉና «ልጄ፣ ለመተኛ ነው እንጂ ለመቆሚያ ነው እንዴ?» አሉት።

ይህን የምንጽፈው ለዚህች ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። ምክንያቱም ጥያቄዋ የእሳቸው ብቻ አይደለችም። በዚህ ከተማ ቆጥ የሚያሠራ ሁሉ በልቡ የሚላት ነች።

ሲጀመር፣ ሰው መኝታው ላይ ተጋድሞ ብቻ አያድርም። ልብስ ይቀይራል፣ ካልሲ ያወልቃል፣ ያነባል፣ ሲያመው ቀና ብሎ ውኃ ይጠጣል፣ ሌሊት ስልክ ሲጮህ ደንግጦ ይነሳል። ይህ ሁሉ ተቀምጦ የሚሠራ ነው። እንቁምበት መች አልን? እንቀመጥበት ነው ያልነው!

እስቲ ሜትር እናውጣ። አንድ አዋቂ ሰው ቁጭ ሲል ከመቀመጫው እስከ አናቱ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ረዘም ያለው 95 ይደርሳል። 15 ሴንቲ ሜትር ፍራሽ ሲጨመርበት 1 ሜትር ከ10 ሆነ። ከዚህ በታች የሆነ ቆጥ ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው የሚያስቀምጠው። ያየነው ክፍል ከወለል እስከ ኮርኒስ 2 ሜትር ከ80 ነው። ሠሪው ከታች ሰው ቀጥ ብሎ እንዲቆም 1 ሜትር ከ90 ተወ። አጣናውና ጣውላው 12 ሴንቲ ሜትር ወሰዱ። ለላይኛው 78 ተረፈ፤ ፍራሹ ሲገባ 63 ቀረ። ስድሳ ሦስት! ከምግብ ጠረጴዛ ሥር መተኛት ይሻላል።

«ቦታ ከሌለ ምን ይደረግ?» የሚል አይጠፋም። ለእሱ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ አለን። አሜሪካኖች ከ1930ዎቹ ጀምሮ በጓሯቸው የሚሠሯት፣ ከመኪና ኋላ የምትጎተት ትንሽ መኝታ አለቻቸው። ቅርጿ የእንባ ጠብታ ስለሚመስል የምትጠራውም በዚያው ነው። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ ልክ ትሠራለች፤ ርዝመቷ 2 ሜትር ከ44፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ22፣ ከፍታዋም እንደ ወርዷ ነው። በውስጧ መቆም የለም። ግን ይህ ታስቦበት የተደረገ ነው። ጣሪያዋ ከፍ ባለ ቁጥር ከፊት የሚገፋት ነፋስ ይጨምራል፣ መኪናው ቤንዚን ይበላል፣ እሷም በጎን ነፋስ ትወዛወዛለች። ስለዚህ ሠሪው መቆምን ተወው። መቀመጥን ግን አልተወም፤ ከፍራሹ በላይ አንድ ሜትር ገደማ አስቀርቷል። መቆም ሲያምረው ደግሞ ይወጣል፤ ማብሰያው ከኋላ በኩል ነው፣ ክዳኑን ወደ ላይ ከፍቶ ውጭ ቆሞ ያበስላል።

ልብ በሉ፤ ያቺ መኝታ ለቅዳሜና እሁድ ናት። የኛ ቆጥ ክረምት ከበጋ ነው። ታዲያ ለሁለት ሌሊት ሽርሽር የተለካ ጭንቅላት፣ ለዓመታት ኑሮ ለምን አይለካም? መልሱ ቀላል ነው። ሰውየው የሚሠራው ለራሱ ጭንቅላት ነው። የኛ ቆጥ የሚሠራው ለሌላ ሰው ጭንቅላት ነው።

ነገሩ የምቾት ብቻ ቢሆን ዝም ባልን። ግን ሱቅ ውስጥ፣ ከካርቶን ጋር ቆጥ ላይ የሚያድሩ ልጆች አሉ። ብርድ ሲሆን ከታች ከሰል ይቀጣጠላል፣ በር ይዘጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከትኩሱ አየር ጋር ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ማን አለ? በ63 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የተጋደመ ልጅ አለ። ቢነቃ እንኳ ተነስቶ መሮጥ አይችልም። በደረቱ ተስቦ ነው መሰላሉን የሚያገኘው።

ቆጥ ይፍረስ እያልን አይደለም። በዚህ የኪራይ ዋጋ ቆጥ ባይኖር ብዙዎቻችን የት እንደምናድር እንጃ። የምንለው በልክ ይሠራ ነው። ከወለል እስከ ኮርኒስ ያለው ከ3 ሜትር ከ12 ካነሰ፣ ከላይ መቀመጥም ከታች መቆምም ባንድ ቦታ አይገኙም። ስለዚህ ክፍሉን ሙሉ በሙሉ አትሸፍኑት፤ ግማሹን ብቻ። ለላይኛው 1 ሜትር ከ10 ስጡት። ባየነው ክፍል ከሥሩ 1 ሜትር ከ58 ይቀራል፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከወለል እስከ አናቱ ከ1 ሜትር ከ40 ብዙም አያልፍምና ጠረጴዛና ወንበር እዚያ ይገባል። መቆሚያው በሌላው ግማሽ፣ ሙሉ 2 ሜትር ከ80። ጣውላውም ይቀንሳል፤ አከራይ ምን ይጎዳል?

ተከራዮችም አለንበት። ዋጋ እንጠይቃለን፣ ውኃ እንጠይቃለን፣ ቆጡን ግን ከታች ሆነን በዓይናችን ለክተን «እሺ» እንላለን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ሁለት ዓመት ከ700 ሌሊት በላይ ነው። ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። መሰላሉን ውጡ። ቁጭ በሉ። ቁጭ ሳትሉበት አትፈርሙ።

ጓደኛችን ክፍሉን ተከራየው። ሦስት ሳምንት ፈልጎ ሌላ አላገኘም። አናቱ ላይ ያለው እብጠት ግን አልጠፋምና፣ ቆጡን በራሳችን ወጪ ቆርጠን ግማሽ እናድርገው ብለን አከራይዋን ለምነናል። «ላስብበት» ብለዋል። እትዬ፣ እያሰቡ ሳለ አንዴ ይውጡና ይቀመጡበት። መሰላሉን እኛ እንይዝልዎታለን።