«አማራጭ መንገድ ተጠቀሙ» ዕቅድ አይደለም

የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የአዲስ አበባ ነዋሪ አንድ ማስታወቂያ በቃሉ ይዟል፦ መንገዱ ለግንባታ ተዘግቷል፣ አማራጭ መንገድ ተጠቀሙ። የትኛውን? ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ የሚወስደው ጎዳና ሲቆፈር መኪናው ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ይጎርፋል። መጨናነቁ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀነሰም።

መንገድ መሠራቱን የሚጠላ የለም። ጥያቄው ሌላ ነው። መንገዱ በግማሽ ሲጠብ፣ በዚያው ሰዓት የሚወጣው ሰው ለምን እንዳለ ይቀራል? የመንግሥት ሠራተኛ ጠዋት 2፡30 ይገባል፣ ተማሪውም በዚያው ግድም። መንገዱን የሚዘጋውም፣ ሠራተኛውን የሚያስገባውም መንግሥት ነው። ጎዳና መዝጋት የቻለ አካል የመግቢያ ሰዓት ማሸጋሸግ እንዴት ያቅተዋል?

ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 ድልድይ ለማፍረስ 405 የተባለውን አውራ ጎዳና ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ዘግታ ነበር። የሚዘጋበትም የሚከፈትበትም ሰዓት ከሳምንታት በፊት ተነገረ። ሕዝቡ ጉዞውን ሰረዘ ወይም አዘዋወረ፣ የተፈራው ትርምስ ሳይመጣ ቀረ። መንገዱም ከቀጠሮው ቀድሞ ተከፈተ።

«ያ ሁለት ቀን ነው፣ የአዲስ አበባው ወራት ይፈጃል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ግን ለሁለት ቀን ያን ያህል መዘጋጀት ካስፈለገ፣ ለወራት ሲሆን ዝግጅቱ ሊበዛ ይገባል እንጂ ሊቀር አይገባም።

ዝግጅቱ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች መግቢያ በ1፡30፣ በ2፡30 እና በ3፡30 ይከፈል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጎዳናዎች በአንድ ጊዜ አይቆፈሩ። በመቀየሪያው መንገድ ላይ አውቶቡስና ታክሲ ብቻ የሚያልፉበት መስመር ይለይ። የሚዘጋበት ቀን ብቻ ሳይሆን የሚከፈትበትም ቀን አስቀድሞ ይነገር፣ ካለፈም ምክንያቱ ይገለጽ።

ይህ ሳይሆን ሲቀር ሂሳቡን የሚከፍለው ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ነው። ሚኒባሱ መስመሩን ይቆራርጥበታል፣ በአንድ ጉዞ ሁለቴ ይከፍላል፣ አርፍዶ ሲደርስ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። መኪና ያለው ቢያንስ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው።

ለመንገዱ ንድፍ የሚሠራ ከተማ፣ መንገዱ እስኪያልቅ ሰው እንዴት እንደሚንቀሳቀስም ንድፍ ሊኖረው ይገባል። ቆርቆሮ አጥሩ መተከል ያለበት ያ ንድፍ ለሕዝብ ይፋ ከሆነ በኋላ ነው።