የመሬትን መልክ የሚነድፍ ሙያና የደገኛው ነጋዴ ጥቅም

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የሚነግድ ሰው ሁሉ ከክረምት ጋር የቆየ ሒሳብ አለው። ጎርፉ የገበያውን መንገድ ሲቦረቡር፣ የመጋዘኑን መሠረት ሲሸረሽርና ለጭነት መኪና መተላለፊያ ሲያሳጣ፣ ነጋዴው ገንዘብ አዋጥቶ ድንጋይ ያስሞላል። በሚመጣው ዓመት ጎርፉ ይመለሳል፤ ነጋዴውም ደግሞ ያዋጣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ይህ ወጪ በየዓመቱ ለየብቻው ስለሚጻፍ ጥቂት ይመስላል። የዐሥር ዓመቱ በአንድነት ተደምሮ ቢታይ ግን አንድ ብልህ ልጅ በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ከሚያስፈልገው የሚያንስ ላይሆን ይችላል።

ይህ ልጅ ሊማረው የሚገባው ሙያ በውጭ አገር ቋንቋ ላንድስኬፕ አርክቴክቸር የሚባለው ሲሆን፣ በአማርኛ የመልክዐ ምድር ንድፍ ሊባል ይችላል። ብዙ ሰው ሙያውን አበባ ተክሎ ውሃ ማጠጣት ብቻ ያደርገዋል፤ ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ባለሙያው ውሃ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚወርድ ይለካል፤ መንገዱ፣ ገበያው፣ ቦዩ፣ የከብቱ መሰማሪያና ዛፉ የት የት ቢሆኑ እንደሚስማሙ በካርታ ላይ ይነድፋል፤ የትኛው ተክል ውርጩን ችሎ አፈሩን እንደሚይዝም ለይቶ ይመርጣል። ግንበኛው ሥራውን የሚጀምረው መሬቱ እንዲህ ከተጠና በኋላ ቢሆን ኖሮ፣ በየዓመቱ ከሚፈርሰው ብዙው ባልፈረሰ ነበር።

የሙያው አሳብ ለመንዝ እንግዳ አይደለም። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የተዘረጋውና 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጓሳ ምድር፣ ከ17ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ ቄሮ በተባለው ሥርዐት ሲጠበቅ እንደ ኖረ ይነገራል። የአስቦና የጌራ ዘሮች ለመረጡት አለቃ እየታዘዙ ምድሩን ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጉት ነበር። ሲከፈትም ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይታጨዳል፤ ከብትም ይሰማራበታል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቀድሞውን የርስት ሥርዐት ባስቀረ ጊዜ ቄሮም አብሮ ተዳከመ፤ ምድሩም ተጎዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ ጥበቃውን በኮሚቴ አድርጎ እንደ ገና አቆመው። እንግዲህ አባቶች ያለ ዲግሪ ያወቁትን ልጆች በመለኪያና በካርታ ቢያጸኑት የተገባ ነው። ቄሮ ሣሩን ለመጠበቅ የቆመ ሥርዐት እንጂ፣ ለምታድግ ከተማ ቦይና መንገድ ለመንደፍ የተፈጠረ አይደለም፤ ለዚህኛው ትምህርት ያስፈልጋል።

በሌላውም ዓለም ሙያው የጀመረው ከዩኒቨርሲቲ አልነበረም። በኒው ዮርክ የሚገኘውን ሴንትራል ፓርክ የተባለውን ሰፊ መናፈሻ እ.ኤ.አ. በ1858 ከካልቨርት ቮክስ ጋር የነደፈው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ፣ አስቀድሞ ገበሬና የጋዜጣ ጸሐፊ ነበር። በመናፈሻው ዙሪያ ያለው ቦታ ዋጋው እጅግ ከፍ በማለቱ፣ ለመሬት መልክ የወጣ ገንዘብ እንደ ባከነ የማይቆጠር መሆኑ ታወቀ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሙያውን በመደበኛ ትምህርት ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው።

በኢትዮጵያ ወደዚህ ሙያ የሚወስዱት መንገዶች በሁለት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። የፊተኛው በሥነ ሕንፃ በኩል ነው። ተማሪው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ሳይንስን መርጦ፣ በሒሳብና በፊዚክስ በርትቶ፣ በእጁም መሳልን ተለማምዶ የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ማለፍ አለበት። ከዚያም አርክቴክቸር ከሚያስተምሩት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ አምስት ዓመት ያህል ይማራል። ከእነዚህ ቀደምት የሆነው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ነው፤ መነሻውም እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የኢትዮጵያና የስዊድን የሕንፃ ሥራ ኢንስቲትዩት ነበር። የአካባቢ ፕላንና የመልክዐ ምድር ንድፍን በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ለማስተማር የከፈተውም ይኸው ኢንስቲትዩት ነው።

ሁለተኛው መንገድ በአፈሩና በተክሉ በኩል ነው። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝን፣ ወይም በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በወንዶ ገነት ኮሌጅ የደን ትምህርትን የፈጸመ ወጣት፣ ስለ ውሃና ስለ መሬት ብዙ ያወቀ ስለሆነ ንድፉን በኋላ ሊጨምርበት ይችላል። ለደጋው አገር ይህኛው መንገድ የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን በስዕልና በንድፍ ያልሠለጠነ ሰው ወደ ሁለተኛው ዲግሪ ሲያመለክት ሊቸገር ስለሚችል፣ የመግቢያውን ደንብ አስቀድሞ ጠይቆ መዘጋጀት ይገባዋል።

ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ የሚያነሣው ተቃውሞ አለ፤ ይኸውም «የተማረው ልጅ ወደ አገሩ አይመለስም» የሚል ነው። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የሚመለስበት ሥራ ሳይዘጋጅለት የቀረውን ልጅ መውቀስ፣ ገዢ ሳይፈልጉለት የላኩትን ዕቃ አልተሸጠም ብሎ እንደ መቆጣት ነው። ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ዘግቶ ንግዱንም ባሰናከለበት ጊዜ፣ ስለ እንዲህ ያለ ትምህርት ማሰብ ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ጎርፉ ግን ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም፤ ተማሪውም ሙያውን ጨርሶ ለመውጣት ሰባት ዓመት ያህል ያስፈልገዋልና፣ ዛሬ ያልተጀመረ ነገር የሰላሙ ቀን ሲመጣ ባዶ እጁን ይገኛል።

ስለዚህ የመሐል ሜዳ፣ የሞላሌ፣ የራቤልና የዓለም ከተማ ነጋዴዎች በአንድነት ሊያደርጉት የሚቻል ነገር አለ። አንዲት ትንሽ ከተማ ብቻዋን የባለሙያ ደመወዝ መክፈል ቢያቅታት፣ አራቱ ተጋርተው አንድ ባለሙያ ሊይዙ ይችላሉ። ለትምህርቱም የንድፍ ወረቀቱን፣ ኮምፒውተሩንና የኪራይ ቤቱን ወጪ ተካፍለው ሁለት ተማሪዎችን ቢረዱ፣ አንዱን ወይም አንዷን በፊተኛው መንገድ፣ ሌላውን በሁለተኛው ቢልኩ፣ ንድፉም አፈሩም በአገሩ ልጅ እጅ ይገባል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ፣ ተማሪው ለተወሰነ ዓመት ተመልሶ እንዲያገለግል፣ ከተሞቹም ሥራ እንዲሰጡት ሁለቱን ወገን የሚያስር ይሁን።

ነጋዴ ያለ ውል ዕቃ አይልክም፤ ያለ ናሙናም አይገዛም። ለሚኖርበት ምድር ግን እስከ ዛሬ ያለ ንድፍ ከፍሏል። በሚመጣው ክረምት ደግሞ ድንጋይ ለማስሞላት ሲዋጣ፣ ከእያንዳንዱ መቶ ብር ዐሥሩ ለተማሪ ተለይቶ ቢቀመጥ፣ ሒሳቡ በዚያው ቀን መለወጥ ይጀምራል።